መብራት ሲጠፋ የምንተማመንበትን ባትሪ መፈተሽና መሙላት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶችና ሱቆች

መብራት ሲሄድ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑንና ዋይፋዩን የሚያስነሳው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በእርጅና አይደለም። ሙሉ ሳይሆን እየዋለ፣ ጎድሎ እያደረ ስለሚከርም ነው። መብራት ለሦስት ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፣ ቻርጀሩ አረንጓዴ ያበራል፣ ባለቤቱም ሞልቷል ብሎ ይተወዋል። በዚህ ሁኔታ አምስት ዓመት ሊያገለግል የሚችል ባትሪ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለቁራሌው ይሄዳል። አረንጓዴዋን መብራት ትታችሁ ቁጥሩን እንድታምኑ ነው ይህ መመሪያ የተጻፈው።

መጀመሪያ ያላችሁን ባትሪ እወቁ

የመኪና ማስነሻ ባትሪና የሶላር ባትሪ መልካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ለየቅል ነው። የመኪናው ስስ ፕሌቶችን (የእርሳስ ሰሌዳዎችን) በብዛት ይዟል፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው በሞተሩ እንዲሞላ ነው የተሠራው። እሱን አምፖል ላይ አስራችሁ ግማሽ ድረስ ደጋግማችሁ ብታወርዱት በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። የሶላር ወይም ዲፕ ሳይክል የሚባለው ወፍራም ፕሌት ስላለው ቀስ ብሎ መውረድንና መውጣትን ይችላል።

ስትገዙ ክብደቱን ፈትሹ። አቅሙ (የሚይዘው የኃይል መጠን) 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ከ26 እስከ 32 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጎኑ ላይ 100 ተብሎ ተጽፎ ሚዛን ላይ 18 ኪሎ ከሆነ ጽሑፉን አትመኑት፣ እርሳሱ የለም ማለት ነው። የትኛውም ሱቅ ሚዛን ይህን ይነግራችኋል።

ሦስት ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ታገኛላችሁ። አንደኛው ስድስት ክዳን ያለው፣ ውሃ የሚጨመርበት ነው። ሁለተኛው አሲዱ በመስታወት ክር ጨርቅ ውስጥ የተመጠጠበት፣ ኤጂኤም የሚባለው ድፍን ባትሪ ነው። ሦስተኛው አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋበት ጄል ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ቻርጀር አታስሩ፤ ለአንዱ የሚስማማው ቮልቴጅ ሌላውን ያቃጥለዋል።

የሚያስፈልጋችሁ

ዲጂታል መልቲሜትር፣ 10 እና 13 ቁጥር ቁልፍ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ቫዝሊን፣ እንዲሁም ክዳን ላለው ባትሪ የአሲድ መለኪያ (ሃይድሮሜትር) እና የባትሪ ውሃ። ለአቅም ፈተናው ደግሞ ባለ 12 ቮልት 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ከነሽቦው።

መልቲሜትሩን አስቀድማችሁ ፈትሹት። የራሱ የውስጥ ባትሪ ሲደክም ርካሽ መልቲሜትር ከእውነተኛው በላይ ያነባል። 12.1 የሆነውን ባትሪ 12.6 ብሎ ያሳያችኋል፣ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ። የባትሪ ምልክት ስክሪኑ ላይ ካለ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ከመንካታችሁ በፊት

ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይ ወደ መጨረሻው፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ያህል ከሆነ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ስለዚህ ከታች በር መክፈት ብቻ አይበቃም፣ ከላይም መስኮት ወይም ቀዳዳ ያስፈልጋል። በክረምቱ ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ ቡና ማፍላት የተለመደ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ባለበት ክፍል ግን የከሰል ምድጃ፣ እጣንም ሆነ ሻማ አይግባ። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፣ ልጆችም ጭምር።

ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ። በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል ያረፈ ቁልፍ ወይም ቀለበት በሰከንድ ውስጥ ይግላል፣ ጣትንም ያቃጥላል። አሲድ ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያውኑ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፤ ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጥባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሌላው የምንለምናችሁ አሲድን በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታስቀምጡ ነው። ውሃ መስሎት የሚጠጣ ሰው አይጠፋም።

በዓይን መመርመር

ጎኑ ያበጠ ባትሪ ካገኛችሁ እዚያው አቁሙ፤ ከመጠን በላይ ተሞልቷል ወይም ግሏል፣ እሱን መሙላት አደጋ ነው። የተሰነጠቀም እንደዚሁ። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ግን ይታጠባል፦ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ካቦ ፍቱ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ በብሩሹ እሹት። መፍላቱን ሲያቆም በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊኑ ከታሰረ በኋላ ነው የሚቀባው፤ ከሥር ከገባ ንክኪውን ያበላሻል። ክዳን ባለው ባትሪ የሶዳው ውሃ ወደ ሴሉ (ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ወዳለው ክፍል) እንዳይገባ ክዳኖቹ ጠብቀው መዘጋታቸውን አስቀድማችሁ እዩ።

ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ኃይሉን መሬት ይጠጣበታል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ ባትሪዎች እውነት አይደለም። ቢሆንም ከእርጥበትና ከቅዝቃዜ እንዲርቅ ጣውላ ላይ ማስቀመጡ ጥሩ ነው።

ቮልቴጅ መለካት

1. ባትሪው ከቻርጀር፣ ከሶላርና ከጭነት (ኃይል ከሚወስድ ዕቃ) ሁሉ ተለያይቶ ቢያንስ 4 ሰዓት ይረፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢያርፍ ይመረጣል። ገና ከቻርጀር የወጣ ባትሪ 13 እና ከዚያ በላይ ያነባል፣ ያ ግን ላዩ ላይ ያለ ግፊት እንጂ ውስጡ ያለ ኃይል አይደለም። ከቸኮላችሁ አምፖሉን ለ5 ደቂቃ አብሩበት፣ አጥፉት፣ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ።
2. መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ።
3. ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ ላይ፣ በካቦው ማሰሪያ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ ያዙ።

ሶላር ያላችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትመታ መለካት ትችላላችሁ፤ ሌሊት የሚበራ ነገር ካልነበረ በጣም የታመነው ንባብ ያ ነው።

ክዳን ላለው ባትሪ 12.7 ሙሉ ነው። 12.5 ሩቡን አጥቷል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ 12.0 ሩብ ብቻ ቀርቶታል፣ 11.8 ባዶ ነው። ኤጂኤምና ጄል በየደረጃው በ0.1 ቮልት ያህል ከፍ ይላሉ። በ12.7 እና በ12.2 መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ለዚህ ነው በግምት ወይም በኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች በሚቀይረው መሣሪያ) ሦስት መብራቶች መተማመን የማይሠራው። ለዕለት አጠቃቀም ከ12.2 በታች እንዳይወርድ ጣሩ። ከ12.4 በታች ለሳምንታት ከተቀመጠ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ትኩስ ሰልፌት ሲሞላ ይሟሟል፤ የከረመው ግን ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ የያዘውንም የፕሌት ስፋት ከሥራ ውጪ ያደርገዋል።

10.5 አካባቢ ካነበባችሁና ሞልታችሁትም ከዚያ ከፍ ካላለ አንዱ ሴል አጥሯል። እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ስለሚሰጥ የጎደለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። ይህ አይጠገንም።

ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስራችሁ 24 ቮልት የምትጠቀሙ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። ልዩነታቸው ከ0.2 ቮልት ከበለጠ የደከመው ሌላውን እየጎተተው ነው፤ ፈታችሁ ለየብቻ ሙሏቸው። አዲስና አሮጌ አብሮ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

አሲዱን መለካት፣ ክዳን ላለው ብቻ

ከቮልቴጅ የበለጠ እውነት የሚናገረው አሲዱ ነው፣ ምክንያቱም ሴል በሴል ያሳያል። ክዳኑን ክፈቱ፣ ሃይድሮሜትሩን ሁለት ሦስት ጊዜ መጥጣችሁ መልሱ፣ ከዚያ ተንሳፋፊው ጎኑን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ሲቆም በዓይናችሁ ትይዩ አንብቡ። ስድስቱንም ጻፉ። 1.265 እና ከዚያ በላይ ሙሉ፣ 1.225 ሦስት አራተኛ፣ 1.190 ግማሽ፣ 1.155 ሩብ ነው።

አሲዱ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ መለኪያው ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ለ25 ዲግሪ የተሠራ መለኪያ ከሆነ ለየ10 ዲግሪው ዝቅታ 0.007 ቀንሱ። በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ውስጥ 10 ዲግሪ ላይ ያለ አሲድ 1.235 ቢያሳይ እውነተኛው 1.225 አካባቢ ነው።

አምስቱ 1.250 ሆነው አንዱ 1.190 ከሆነ፣ ማለትም ልዩነቱ ከ0.050 ካለፈ፣ ያ ሴል ታሟል። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልተስተካከለ ባትሪው ወደ መጨረሻው ነው። ውሃ ጨምራችሁ ወዲያው አትለኩ፣ ገና ስላልተቀላቀለ ቁጥሩ ያሳስታል።

ውሃ

የሚጎድለው ውሃው ነው፣ አሲዱ አይተንም። ስለዚህ የሚጨመረው የባትሪ ውሃ፣ ማለትም የተጣራ ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ የባትሪ ውሃና አሲድ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጠይቁ። በውሃ ፋንታ አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ለጥቂት ቀን ጎበዝ መስሎ ፕሌቱ ይበላል። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም አለው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብም ዝገትና አቧራ ይዟል። አንዳቸውም አይሆኑም።

የሚጨመረው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው። ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድማችሁ ከሞላችሁት አሲድ በክዳኑ ይገነፍላል። ፕሌቱ ተራቁቶ ካገኛችሁት ግን ከመሙላታችሁ በፊት ለመሸፈን ብቻ የሚበቃ ጨምሩ፣ የቀረውን በኋላ። ትክክለኛው ልክ ከፕሌቱ 10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ በሙቀቱ ወር በየወሩ እዩት፤ ደሴ በሁለት ወር አንዴ ይበቃል።

ቻርጀሩና ቁጥሮቹ

የቻርጀሩ አምፔር ከባትሪው አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሁን፤ ለ100 አምፔር-ሰዓት ከ10 እስከ 20 አምፔር ማለት ነው። ለጄል ከ15 ባይበልጥ ይሻላል። ባለ 5 አምፔር ቻርጀርም ይሞላል፣ ግን መብራት አጭር ጊዜ በሚመጣበት ቤት መቼም አይጨርስም።

ቮልቴጁ በ25 ዲግሪ፦ ክዳን ላለው 14.4 እስከ 14.8፣ ለኤጂኤም 14.4 እስከ 14.7፣ ለጄል 14.1 እስከ 14.2። ከሞላ በኋላ ማቆያው ከ13.5 እስከ 13.8። ባትሪው ላይ የተጻፈ የፋብሪካ ቁጥር ካለ የእሱ ይቅደም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚገኘው ሙቀት ለባትሪ ሌላ አገር ነው። ለየአንዱ ዲግሪ 0.024 ቮልት ይስተካከላል፦ ሲበርድ ይጨመራል፣ ሲሞቅ ይቀነሳል። ደሴ 12 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የ14.4 ባትሪ 14.7 ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ 32 ዲግሪ በሆነ ሱቅ ውስጥ ያው ባትሪ 14.2 ይበቃዋል። ደሴ ያለው ባትሪ ስለማይጠግብ ሰልፌት ይይዘዋል፣ ኮምቦልቻ ያለው ከልክ በላይ ስለሚሞላ ውሃው ያልቃል። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ቻርጀር ወይም ኮንትሮለር (የሶላሩን አሞላል የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካገኛችሁ ሽቦውን ባትሪው ጎን ላይ ለጥፉት፤ ያኔ ራሱ ያስተካክላል።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ቻርጀር ቮልቴጅ አይቆጣጠርም፣ ከተተወ ከ16 ያልፋል። ክዳን ላለው ባትሪ ሰው እየጠበቀው ይሆናል። ጄል ወይም ኤጂኤም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ድፍን መሆኑን ለባለሙያው ንገሩት፣ በሌላ ቻርጀር ካልሆነ መልሱት።

መሙላት፣ ደረጃ በደረጃ

1. ባትሪውን አየር በሚገባበት ቦታ አድርጉ። ኢንቨርተሩንና ጭነቱን አጥፉ።
2. ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎ እያለ ቀዩን መቆንጠጫ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ ላይ ያዙ። ቅደም ተከተሉ ብልጭታ እንዳይኖር ነው።
3. የባትሪውን ዓይነት ምረጡ። ምርጫ የሌለው ቻርጀር ከሆነ ሶኬቱ ከተሰካ በኋላ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በመልቲሜትር የሚሰጠውን ለኩ፣ ወደ መጨረሻውም ድገሙት።
4. ሶኬቱን ሰኩ። መብራት ገና እንደተመለሰ ከሆነ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ የሚዋዥቅባቸው ናቸው።
5. ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለት ደህና ነው። እጅ የማያስይዝ ከሆነ (50 ዲግሪ አካባቢ) አቁሙ።
6. ሲጨርስ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ ጥቁሩን፣ ከዚያ ቀዩን።

ስንት ሰዓት? ግማሽ የደረሰ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 50 ይጎድለዋል፤ በሙቀትና በጋዝ የሚባክነውን ስትጨምሩ 60 ያህል መስጠት አለባችሁ። በ10 አምፔር 6 ሰዓት ይመስላል፣ ግን አይደለም። 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ባትሪው ራሱ አምፔሩን እያነሰ ይቀበላል፣ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብቻዋን 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትፈጃለች። በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ሰዓት አስቡ። ሦስት ሰዓት ብቻ መብራት በሚመጣበት ሳምንት ባትሪው 80 ላይ እየተመላለሰ ነው የሚከርመው፣ መግቢያው ላይ ያልነውም በሽታ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሌሊት ምንም ሳይጫንበት እስከ መጨረሻው መሙላት ነው።

መሙላቱ የሚታወቀው ቮልቴጁ ላይኛው ልክ ላይ ቆሞ የሚገባው አምፔር ከአቅሙ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ለ100ው ከ1 እስከ 2 አምፔር። ክዳን ላለው ደግሞ በአንድ አንድ ሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ ተለክቶ የአሲዱ ቁጥር ካልተነቃነቀ ጨርሷል።

በሶላር ለሚሞሉ፦ 100 ዋት ፓኔል በጥሩ የበጋ ቀን 25 አምፔር-ሰዓት ያህል ያስገባል። በሐምሌና ነሐሴ ደመናና ጉም ግማሹንም ላታገኙ ትችላላችሁ፤ በእነዚህ ወራት በሶላር ብቻ አትተማመኑ፣ መብራት ሲገኝ በቻርጀር ደግፉት። በጀነሬተር የምትሞሉ ደግሞ ሞተሩ በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ አስሉ። 1,000 ዋት የተባለው ደሴ ላይ 750 አካባቢ ነው፤ ትልቅ ቻርጀር ከሌላ ጭነት ጋር ከሰካችሁበት ይታፈናል።

አቅሙን መፈተን

ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ መብራት ሲጠፋ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ባትሪ ካላችሁ ይህን አድርጉ። ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ ሌሊቱን ይረፍ። 55 ዋቱን አምፖል እሰሩበት፤ 4.6 አምፔር ያህል ይወስዳል። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ይቀመጥ፣ ከመጋረጃ ይራቅ። በየሰዓቱ ቮልቴጁን ጻፉ። ጤነኛ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 10 ሰዓት በርቶ፣ ከጠፋና ሁለት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.2 አካባቢ ያነባል። 5 ሰዓት ሳይሞላ አምፖሉ እንደበራ 11.8 ከደረሰ አቁሙ፤ አቅሙ ከግማሽ በታች ነው። ፈተናው እንዳለቀ በዚያው ቀን መልሳችሁ ሙሉት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም

ቻርጀሩ በተሰካ በግማሽ ሰዓት ሞላ የሚል ከሆነ ባትሪው ሞልቶ አይደለም፤ በሰልፌት የተሸፈነ ፕሌት ኃይል ስለማይቀበል ቮልቴጁ ቶሎ ሽቅብ ይወጣል። ቻርጀሩ ጨርሶ አላውቀውም ካለው ቮልቴጁ ከ10 ወይም ከዚያ በታች ወርዷል። እንዲህ ያለውን ክዳን ያለው ባትሪ በ2 እስከ 3 አምፔር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀስ አድርጎ መሞከር ይቻላል፣ ሰው ባለበት። አንዳንዱ ይመለሳል፣ ብዙው አይመለስም።

ባትሪው ደህና ሆኖ ኢንቨርተሩ ከጮኸ ካቦውን ፈትሹ። ጭነት ላይ ሳለ በባትሪው ጫፍና በኢንቨርተሩ መግቢያ መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ሽቦው ቀጭን ወይም ማሰሪያው ላላ ነው። ፖዘቲቩ ካቦ ላይ፣ ከባትሪው 20 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ፊውዝ ይግባ፤ ያለ ፊውዝ የተሳሳበ ሽቦ ቤት ያቃጥላል።

ሊቲየም ባትሪ ከላይ ያሉት ቁጥሮች አይመለከቱትም። ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው 13 አካባቢ ስለሚቆይ በመልቲሜትር መጠኑን መገመት አይቻልም፣ የራሱን ስክሪን ወይም መተግበሪያ ተመልከቱ። በሊቲየም ቻርጀር ብቻ ይሞላል።

ያለቀውን ባትሪ አሲዱን አፍስሳችሁ አታቅልሉት፤ አሲዱ ውስጥ እርሳስ አለ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ ቦይ ውስጥ ሲገባ ከብቱም አትክልቱም ያገኘዋል። ከነአሲዱ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ለሚገዛው ይሄዳል። በባጃጅ ስትጭኑት በገመድ እሰሩት፣ ተርሚናሎቹንም በካርቶን ሸፍኑ።